ሦስት ወንፊት

ከመራዊ በታች፣ በቆጋ ቦይ ዳር፣
ጎርምጥ አረባለሁ፤ ሰው ይሳቅ፣ ይናገር።
«በጦም ነው በፍስክ?» ይሉኛል ሲያልፉ፣
ጤፋቸውን አርመው፣ ደክመው ሲያርፉ።
አንሙት ጎረቤቴ አጥሬን ተደግፎ፣
«ወደ ጎን የሚያርስ በሬ ገዛህ?» አለኝ፣ አንድ ሰርዶ ቀጥፎ።
ከባሕር ዳር አንድ ሰው፣ «ለሆቴል ነው» ብሎ፣
ቀብድ ሰጥቶኝ ሄደ፣ ስልኩን ግድግዳዬ ላይ በከሰል ቸክሎ፤
እሱም ራሱ አይበላም፤ ባልዲውን ሲያይ ዘሎ፣
ቆመ ከአጥር ውጭ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ከልሎ።

እኔም አልመልስም።
መልስ ያለው ውኃው ነው፤ እሱም አይናገርም።

አምና፣ ሳላውቅበት፣ ቦይ ለቦይ ዘልቄ፣
ትልቁን ከትንሹ ባንድ ባልዲ ዝቄ፣
ሦስት መቶ ቆጥሬ ኩሬው ውስጥ ጨመርሁ፤
በሐምሌ ስቆጥር ሰማንያ አገኘሁ።
ሌባ ነው አልሁና ሌሊት ዘብ ቆምሁ፣
በባትሪ ብርሃን ሌባውን አየሁ፤
ዱካ የለው፣ ገመድ የለው፣ በር አልሰበረ፤
ውኃው ውስጥ ነበረ።

ጎርምጥ ሲያድግ ቆዳው አብሮት አያድግም፤
ቀዶት ነው የሚወጣ፤ ሌላም ወዲያው የለውም።
እስኪጠነክር ድረስ፣ እንደ ተላጠ እንቁላል፣
የነካው ይበላዋል።
ለማደግ መራቆት፣ ሲራቆቱም መሞት፤
ትንሹ ነው ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚራቆት።

ዘንድሮ ከየትናየት ሦስት ወንፊት ለመንሁ፤
«ከመለስህልኝ በኋላ እጥለዋለሁ»
አለች፣ ዞር ብላ።
የባቄላው ወንፊት ትልቁን አስቀረ፣
የማሽላው ደግሞ መካከለኛውን አኖረ፤
በሁለቱም ያለፈው፣ ጥፍር የማያህል፣
በጤፉ ላይ ቀረ፣
እንደ ተልባ ፍሬ ወዲያ ወዲህ ሲል።

መለኪያም አላጣሁ። ጥብጣቡን አውቀዋለሁ፤ በመጋቢት ነበር፣
እታለም ከጤና ኬላ በልጄ ክንድ ስታዞር፤
ናሁሰናይ ያኔ ዓመት ከሁለት ወሩ፣
ቢጫው ላይ ነው የቆመ ቁጥሩ።
«አነሰ» አላለችም፤ «ተከታተሉት» አለች፤
ጥብጣቡንም ረስታ ሄደች።
በሱ ነው አሁን ጀርባቸውን የምለካ፤
ቀይ አለው፣ ቢጫ አለው፣
ጎርምጥ ግን ቀለም አያውቅም ለካ።

እኩል ነው የሰጠኋቸው፤ የቆጋ ዓሣ ጭንቅላት፣ የጎመን ግንጣይ፤
ውኃውም ከአንድ ቦይ።
ደብተሬ እንዲህ ይላል፦
ትልልቆቹ መቶ ገቡ፣ ዘጠና አንድ አሉ። ዕድገታቸው ዝግ ያለ፣ የጠገበ ሰው መሳይ።
መካከለኞቹ መቶ ገቡ፣ ሰባ ስድስት።
ትንንሾቹ መቶ ገቡ፣
ሠላሳ ዘጠኝ።
የተረፉትን ግን እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ ሆነው አገኘኋቸው፤
እርሳሴን ላስ አርጌ፣ «ስሕተት ነው» ብዬ፣ ሦስቴ ለካኋቸው።

ትልቁ ይኖራል፤ ትንሹ ይሮጣል።
የቱ ይሻላል? ገበያ ትልቁን ይመርጣል።
እኔን አትጠይቁኝ።

ጳጉሜን ሦስት ማለዳ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
ለመሸሸጊያ የጣልሁትን የጋን ገል ባነሳ፣
አንድ ባዶ ቅርፊት፣ የተተፋ።
ሞተ ብዬ ከሠላሳ ዘጠኙ አንዱን ላወርድ፣
ከቅርፊቱ ጀርባ አየሁት ሲርድ፤
አሮጌ ልብሱን ከፊቱ አቁሞ እንደ በር፣
ለስላሳው እሱ ከኋላ ነበር።
ጥብጣቡን ዘረጋሁ፤ መልሼ አጠፍሁት፤
የተራቆተን ማን ይለካል? ገሉን ከደንሁበት።

ከቤት ናሁሰናይ ይሰማኛል፣
የጤፉን ወንፊት እንደ ከበሮ ይመታል።
አንሙት በአጥሩ ላይ «ከትንንሾቹ ስንት ቀሩህ?» አለ።
«ሠላሳ ስምንት።
አንዱ ግን ልብሱን እየቀየረ ስላለ፣
ነገ ና» አልሁት።